ጥሩዎቹ የልቦለድ አገሮች ለምንድነው እስር ቤት እስር ቤት የሚሸቱት?

ሻይ_በሎሚ

ሰላም ቤተሰብ። የንባብ ክበባችን ለቅዳሜ ርዕስ እንዳቀርብ መድቦኛል፣ ርዕሱ ዩቶፒያና ዲስቶፒያ በልቦለድ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ዩቶፒያ ደራሲው ሁሉ ነገር የተስተካከለባት ብሎ የሚፈጥራት አገር ናት፣ ዲስቶፒያ ደግሞ የዚያ ግልባጭ፣ ኑሮ ሲኦል የሆነባት።

የጀመርኩት በሳሙኤል ጆንሰን «ራስ ሴላስ» ነው። ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው፣ አገራችንን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፣ ግን ታሪኩን ያስቀመጠው እዚሁ በአማራ ምድር ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የንጉሡ ልጆች በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ። አትክልቱ፣ ሐይቁ፣ ሙዚቃው፣ የሚበላው የሚጠጣው ሁሉ ሞልቷል። መግቢያው አንድ ዋሻ ነው፣ እሱም በብረት በር ይዘጋል። ንጉሡ በዓመት አንዴ ሊጠይቃቸው ሲመጣ በሩ ለ8 ቀን ይከፈታል። ያኔ አዝማሪው፣ ጨዋታ አዋቂው፣ እጁ ጥበብ ያለው ሁሉ ይገባና ችሎታውን ያሳያል፣ ደስ ያሰኘ ሰው እዚያው ይቀራል። ከቀረ ግን ዳግም አይወጣም። ወጥቶ «ኧረ ተዉት፣ ይሰለቻል» የሚል ሰው ስለሌለ በየዓመቱ አዲስ ሰው ለመታሰር ይሻማል! መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቁ አልመጣም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከንጉሡ ልጆች አንዱ፣ ራስ ሴላስ፣ ምን ጎድሎት ነው ልውጣ የሚለው? ሁለተኛው ደግሞ፣ ዲስቶፒያ የሆነ መጽሐፍ ከያዝኩ አላስቀምጥ ይለኛል፣ እራት እንኳ ያስረሳኛል፣ ስለ ጥሩ አገር የተጻፈውን ግን ገና ሳልጋመስ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ክፉ ነገር ስለምወድ ነው ወይስ የመጽሐፎቹ ጥፋት ነው? ምን ላንብብ፣ ምን ልጨምር?

የመጽሐፍ_ቀበኛ

ምን ጎደለው ላልሽው፣ ምንም አልጎደለውም፣ ጣጣውም እሱ ነው። ፍየሎቹን ቁጭ ብሎ የሚያይበትን ቦታ መልሰሽ አንብቢው። ፍየሏ ሲርባት ትግጣለች፣ ሲጠማት ትጠጣለች፣ ከዚያ ጋደም ትላለች። እሱም ይርበዋል ይጠማዋል፣ ግን በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ዕረፍት የለውም። ከዚያ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ልውጣ የሚል ሐሳብ ከመጣለት በኋላ ተነስቶ በር የሚፈልግ ይመስልሻል፣ እሱ ግን 20 ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ውጭ ወጥቼ ይህን ጀግንነት እሠራለሁ፣ ያችን የተበደለች ልጅ አስጥላለሁ እያለ በሐሳብ ሲጋልብ ይከርማል። ሲነቃ ደግሞ ለባከነው ጊዜ ሲቆጭ ሌላ 4 ወር ያልቃል። (ይሄ ሰው እኔን ያውቀኛል እንዴ ያልኩበት ቦታ ነው።)

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ልቦለድ ጠብ ይፈልጋል፣ ጥሩ አገር ውስጥ ደግሞ ጠብ የለም። ስለዚህ አብዛኛው ዩቶፒያ የሚጻፈው በጉብኝት መልክ ነው። አንድ እንግዳ ይመጣል፣ አስጎብኚው ይሄ ሆስፒታላችን ነው፣ ይሄ ገበያችን ነው፣ ይሄ የምግብ አዳራሻችን ነው እያለ ያዞረዋል፣ እንግዳው ይደነቃል፣ አንባቢው ያዛጋል። እ.ኤ.አ. በ1516 የታተመው የቶማስ ሞር «ዩቶፒያ»፣ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሁሉ ስም ያወጣለት ማለት ነው፣ ሁለተኛው ክፍሉ ባብዛኛው እንደዚህ ነው።

ግን ሞር ውስጥ አንዲት ቦታ አለች፣ እሷን ቅዳሜ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ሞር በፈጠራት ደሴት ወርቅ የሚውለው ለፖፖና ለባሪያ ሰንሰለት ነው። ዕንቁ ደግሞ የሕፃን መጫወቻ ነው። ታዲያ ከሩቅ አገር አምባሳደሮች ወርቅ በወርቅ ሆነው፣ አገሬውን ጉድ ሊያሰኙ ተኩራርተው ይመጣሉ። ሕዝቡ ተራ ልብስ ለለበሱት አሽከሮች እጅ ይነሳል፣ አምባሳደሮቹን ግን ባሪያ ናቸው ብሎ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። አንድ ልጅ እናቱን ጎሸም አድርጎ፣ እማዬ ያን ትልቅ ሰውዬ እዪው፣ አሁንም እንደ ሕፃን ዕንቁ ያደርጋል ሲላት፣ ዝም በል፣ የአምባሳደሮቹ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም ትለዋለች። 500 ዓመት ያለፈው ቀልድ ነው፣ ዛሬም አላረጀም። ለምን ብትዪኝ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ጥሩዋ አገር ከማታውቃት ሰው ጋር ፊት ለፊት ስለምትጋጭ ነው።

ደሴ_ፒያሳ

አርዕስትሽ ላይ እስር ቤት ይሸታል ያልሽው እኮ በእውነት እስር ቤት ስለነበረ ነው። ግሸንን ነው።

ጆንሰን ዝም ብሎ ከአየር አልፈጠረውም። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን እዚህ የነበረውን የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሟል፣ ራስ ሴላስ የወጣው በ1759 ነው። የልዑሉም ስም የተወሰደው ከሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነው ይባላል።

ግሸን የወጣ ሰው ያውቀዋል። አናቱ እንደ መስቀል የተዘረጋ አምባ ነው፣ ዙሪያው ገደል። አሁን መስከረም 21 ሲሆን ሕዝብ እንደ ጉድ የሚወጣው ለማርያም ነው፣ በዚያ ዘመን ግን የንጉሥ ዘር የሆነ ወንድ ዙፋን እንዳይሻማ እዚያ ወጥቶ ይቀመጥ ነበር። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው ከአምባው ወርደው ነው እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት። ግሸን በግራኝ ጦርነት ከተያዘ በኋላ፣ በጎንደር ዘመን ወህኒ አምባ ተራውን ተረከበ። ያ ሁሉ ልዑል ምን እያሰበ እንደሚያድር አስቢው። ከታች መልእክተኛ በመጣ ቁጥር ወይ ዘውድ ነው ወይ ሞት ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገርሽ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ትልቁ ግጥሙ ላይ የአቢሲኒያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበትን የአማራን ተራራ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ነው እንደሚሉት አድርጎ ያነሳዋል። ለንደን ሆኖ ለሚያልመው ሰው ገነት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚያየው ልዑል እስር ቤት። ተራራው ግን ያው አንድ ተራራ ነው።

ናፍቆት_ከሲያትል

ደሴ የተናገርከው ላይ ነው ነገሩ ሁሉ ያለው። እኔ ዲስቶፒያ የሚባለውን የማነበው እንደዚያ ነው። አገሪቱ ያችው ጥሩዋ አገር ናት፣ የሚተርከው ሰው ብቻ ነው የተቀየረው። በሞር የሚተርከው አይቶ የተመለሰ መንገደኛ ነው። በዲስቶፒያ ግን የሚተርክልን እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚሞት ሰው ነው።

ለዚህ ከዛምያቲን «እኛ» የተሻለ የለም። ሩሲያዊ ነው፣ የጻፈው እ.ኤ.አ. 1920 እና 21 ላይ ነው፣ መጀመሪያ የታተመው በእንግሊዝኛ ኒው ዮርክ በ1924፣ በአገሩ ግን እስከ 1988 አልታተመም። ቤቱ ሁሉ መስታወት ነው። መጋረጃ ማውረድ የሚፈቀደው ሮዝ ቲኬት ላለው፣ ከአንድ ሰው ጋር ለመተኛት በተመዘገበበት ሰዓት ብቻ ነው። ስም የለም፣ ቁጥር ነው። ተራኪው ዲ-503 የሚባል መሐንዲስ ነው፣ እና ይህን ልብ በሉልኝ፣ አገሩን ይወዳታል! ማስታወሻውን የሚጽፈው ሊያወድሳት ነው። የመስታወቱ ግድግዳ ያምርበታል። ጥንት ሰዎች ባሰኛቸው ሰዓት ይበሉ ነበር ሲባል ይስቃል። ከዚያ አንዲት ሴት ትመጣና ሕይወቱን ታመሰቃቅለዋለች፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሐኪሙ በሐዘኔታ ነፍስ ሳታበቅል አልቀረህም ይለዋል። መጨረሻ ላይ ቀዶ ሕክምና ሠርተው ምናቡን ያወጡለታል፣ ያችኑ ሴት ሲያሰቃዩዋት ቁጭ ብሎ ያያል፣ ቅንጣት አይሰማውም። (መጨረሻውን ተናገርሽ እንዳትሉኝ፣ መቶ ዓመት ጠብቄያችኋለሁ።)

ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1931 ለስታሊን ደብዳቤ ጽፎ ከአገር ልውጣ ብሎ ለመነ፣ ተፈቀደለት፣ በ1937 ፓሪስ ሞተ። ራስ ሴላስ እንኳ ተራራ ቆፍሮ ነው የወጣው፣ ይሄኛው በማመልከቻ።

ሻይ፣ ለክበብሽ የምመክርሽ፣ የየትኛውም ደራሲ ጥሩ አገር ስታነቢ መጀመሪያ መውጫውን ፈልጊ። ማን መውጣት ይችላል? ሲወጣ ምን ይሆናል? ያ ሁላችን የምናደንቀው የሞር ደሴት ላይ የሥራ ሰዓት በቀን 6 ብቻ ነው፣ የቤት በር አይቆለፍም፣ ግን ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያለ ደብዳቤ የተገኘ ይቀጣል፣ የደገመ ባሪያ ይሆናል። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

የድሮ_ሰው

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። አንዲት ነገር ግን አልዋጥ አለችኝ። ዩቶፒያ እንቅልፍ ያመጣል ትላለች ልጄ ሻይ። እኛን እኮ እንቅልፍ ነስቶናል።

እኔ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የውይይት ክበብ የሚባል ነበረ፣ መቅረት አይቻልም። እዚያ ተቀምጠን ስለምትመጣዋ አገር እንማራለን፣ መደብ የሌለባት፣ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ የሚያገኝባት። ከዚያ ስንወጣ የቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ስኳር በኩፖን እንወስዳለን፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ወደ ቤት እንሮጣለን። ዛሬ ሲነገር ሰው ሁሉ ተገዶ የተቀመጠ ይመስላል፣ አይደለም፣ ብዙዎቻችን አምነን ነበር። እኔም እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አንስቼ ፈክሬያለሁ። ዲ-503 ያላችሁትን ሰውዬ ሳላነበው አውቀዋለሁ።

የኦርዌልን «1984» ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማሰቃያው ክፍል 101ና ስለ አይጦቹ ነው። ለእኔ ከአይጦቹ ፓርሰንስ ይከፋል። የዋናው ባለታሪክ የዊንስተን ጎረቤት ነው፣ ላብ ላብ የሚሸት፣ ለፓርቲው ሽር ጉድ የሚል የዋህ ሰው። መጨረሻ ላይ እስር ቤት ይገናኛሉ። ማን አሳሰረህ ሲለው ልጄ ናት ይለዋል፣ የ7 ዓመት ልጁ፣ በቁልፍ ቀዳዳ ሰምታው፣ በእንቅልፍ ልቡ መሪውን ሲሰድብ። እና አይቀየማትም። ይኮራባታል! እንዴት አድርጌ እንዳሳደግኳት አየህ ይላል። እዚያ ላይ መጽሐፉን ከድኜ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ያንን ዘመን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው፣ በ1976 ከቤቱ ወጥቶ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። እሱ የማትታወቅ አገር መፍጠር አላስፈለገውም።

ካዛንቺስ_ጥግ

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ሁላችሁንም እቃወማለሁ። ጥሩዋን አገር ተጋግዛችሁ ገደላችኋት።

የሀክስሊን «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ውሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣውን። እዚያ ማንም አይገረፍም፣ ማንም አይራብም። ሰው አያረጅም፣ ትንሽ ሲከፋው ሶማ የምትባል ኪኒን ዋጥ ያደርጋል፣ አለቀ። የቤት ኪራይ ጨምር የሚል አከራይ የለም፣ የታክሲ ሰልፍ የለም። ከዚያ ጆን የሚባል ልጅ ከውጭ ይመጣና ደስተኛ ያለመሆን መብቴን እፈልጋለሁ ይላል። ሹሙ ሞንድ ደግሞ ረጋ ብሎ ይቆጥርለታል፣ ማርጀትን፣ በሽታን፣ ረሃብን፣ ቅማልን፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያሉ መስጋትን ጭምር ነው የምትፈልገው? ጆን ሁሉንም እፈልጋለሁ አለ። እኔ የምለው፣ አንባቢ ሁሉ ለጆን የሚያጨበጭበው ለምንድነው? ያጨበጨበ ሰው በልቶ የጠገበ ነው። ቅማሉንም ረሃቡንም የምናውቅ ሰዎች ነን፣ በየትኛው ሒሳብ ነው መብት የሆነው? እኔ ኪኒኗን እወስዳለሁ።

የመጽሐፍ_ቀበኛ

ካዛንቺስ፣ ጥያቄህ የዋዛ አይደለም፣ መጽሐፉም እስካሁን የሚያጨቃጭቀው ለዚህ ነው፣ ሞንድ በክርክሩ አልተሸነፈም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አልፋ፣ ማለትም የላይኛው መደብ ሰው፣ ሆነህ የምትወለድ መሰለህ? እዚያ አገር ሰው የሚፈጠረው በጠርሙስ ነው። ሊፍት የሚነዳው ኤፕሲሎን፣ የመጨረሻው መደብ ሰው፣ ገና በጠርሙስ ሳለ ኦክስጅን ተቀንሶበት፣ ጭንቅላቱ ከሥራው በላይ እንዳያስብ ተደርጎ ነው የወጣው። እሱም ደስተኛ ነው፣ እሺ። ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ሲደርስና ብርሃን ሲያይ ጣሪያ፣ ጣሪያ እያለ የሚፈነድቀውን አስታውስ። ስናልም ሁላችንም አልፋ ነን።

ለናፍቆት ደግሞ፣ የሀክስሊ አገር መውጫ አለው። እንዲህ አልኖርም ያለ ሰው አይገደልም፣ ወደ ደሴት ይላካል። ሄልምሆልትዝ የሚባለው ጸሐፊ የአየር ጠባዩ ክፉ የሆነ ደሴት ስጠኝ፣ ማዕበል ካለ ጥሩ ይጻፋል ብሎ ፎክላንድን ይመርጣል። ሞንድ ራሱ የሚላኩትን ሰዎች ይቀናባቸዋል። ጆን ግን ከእነሱ ጋር እንዲሄድ አልፈቀደለትም፣ መጨረሻውም አላማረ። መውጫው ለሁሉም እኩል አልነበረም ማለት ነው።

ወረታ_ልጅ

አውራ አምባን ለምን አታነሱም? ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ እኛ ሰፈር አጠገብ ያለ። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም።

ናፍቆት_ከሲያትል

ወረታ፣ እሱ የእውነት መንደር ነው እኮ፣ እዚህ ልቦለድ ነው የያዝነው። ግን ለብቻው ርዕስ ክፈትበት፣ እመጣለሁ። ለመግባትም ለመውጣትም ሕጉ ምን እንደሆነ ከሰፈር ሰው መስማት እፈልጋለሁ።

ጥግ_ያለው_ወንበር

ከጋሼ በቀር የአማርኛ መጽሐፍ ያነሳ የለም፣ ያሳፍራል። ሁለት ልጨምር።

አንደኛው የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ነው፣ በ1925 ዓ.ም. የታተመው። ከሥሩ «የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» ይላል። ይህን አይቶ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ወርቅ ወርቅ የሆነች ደሴት ይጠብቃል። ውስጡ ያለው ግን አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ነው። አውሮፓ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፣ ከዚያ ከዘመድ አዝማድ ጋር በተዝካርና በሠርግ ድግስ ይጨቃጨቃል። አዲሱ ዓለም የሚባለው ጠቅላላው ይሄ ነው፣ ለሞተ ሰው ብለን ቤት እናፍርስ ወይስ አናፍርስ። ለእኔ ከሞር ደሴት ይልቅ ይሄ ያስደስተኛል፣ ምክንያቱም አወቀ ጥሩ አገር አግኝቶ እዚያ አልቀረም፣ ያየውን ይዞ ወደ አክስት አጎቶቹ ተመለሰ፣ እነሱ ደግሞ እንዲህ በዋዛ እጅ የሚሰጡ አይደሉም። ሻይ ያነሳሻቸው የራስ ሴላስ ተርጓሚ ሲራክ የኅሩይ ልጅ መሆናቸውንም ለክበብሽ ንገሪያቸው። ጆንሰን ራስ ሴላስን በአንድ ሳምንት ምሽቶች የጻፈው የእናቱን ቀብር ወጪ ለመሸፈን ነው ይባላል። አንዱ ለቀብር ወጪ ብሎ ልቦለድ ጻፈ፣ ሌላው በተዝካር ወጪ ላይ ልቦለድ ጻፉ፣ የኋለኛው ልጅ የፊተኛውን ተረጎሙ።

ሁለተኛው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። በንጉሡ ዘመን ወጥቶ የታገደው። ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ ውጭ የሚጠብቀውን ግፍ አስቦ ከእናቱ ጋር ይከራከራል፣ አልወለድም ብሎ። እስካሁን እዚህ የቆጠራችኋቸው ሰዎች በሙሉ፣ ራስ ሴላስም ዲ-503ም ዊንስተንም፣ አንዴ ገብተው ነው መውጫ የሚፈልጉት። የአቤ ልጅ ገና በሩ ላይ ቆሞ አልገባም ይላል። በሌላ አገር ዲስቶፒያ እንዲህ ያለ አጀማመር አላየሁም።

ሻይ_በሎሚ

እናንተ ሰዎች ቅዳሜን ሦስት ሰዓት አደረጋችሁብኝ። ወስኛለሁ፣ «ራስ ሴላስ»ንና «አልወለድም»ን ጎን ለጎን አቀርባለሁ፣ የጋሼን ፓርሰንስ መሀል ላይ አስገባለሁ፣ ካዛንቺስ መጥቶ ስለ ኪኒኗ ቢከራከርልን ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ሻይ በእኔ ነው።

ትናንት ማታ ራስ ሴላስን ጨረስኩት። እሱና አብረውት የወጡት ካይሮ ወርደው ሀብታሙንም ፈላስፋውንም ባሕታዊውንም ጠይቀው፣ ማንም ደስተኛ አለመሆኑን አይተው፣ በዓባይ ሙላት ቤት ቁጭ ብለው ሳለ፣ ሙላቱ ሲጎድል ወደ አቢሲኒያ ለመመለስ ይወስናሉ። ወደ ሸለቆው ይግቡ አይግቡ ጆንሰን አይናገርም፣ ምዕራፉንም «ምንም ያልተደመደመበት መደምደሚያ» ብሎታል። እንዲህ አድርጎ አንባቢን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ይቻላል እንዴ?

«አልወለድም»ን ግን የት ነው የማገኘው? ሁለት የመጽሐፍ መደብር ጠይቄ የለም አሉኝ።

የድሮ_ሰው

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ልጆች ጠይቂ ልጄ። ዛሬ ባይኖራቸው ለነገ ፈልገው ያመጡልሻል። የሚነግሩሽን ዋጋ ግን እንዳትቀበዪ፣ ከግማሹ ጀምሪ።